ተቀምጠው ያልተቀበሉን ሰው

ባለፈው ወር ለልምምድ ሆስፒታል በሄድንበት ቀን መምህራችን አንድ ነገር አዩብኝ። የታመመ ሰው ክፍል ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት ወደ ውስጥ እመለከታለሁ። ወዲያው አላንኳኳም፤ ቆም ብዬ አያለሁ። ሁለተኛው በር ላይ ይህንኑ ሳደርግ መምህራችን ጠጋ ብለው፣ "እህት የሺ፣ ሰው ቤት ተሰልሎ ይገባል እንዴ?" አሉኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሦስተኛው በር ላይ ግን እንደገና አየሁ።

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው የሕሙማን ምክር ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክፍላችን በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁም እኔ ብቻ። መምህራችን እያንዳንዳችን የተውነውን ወይም የያዝነውን ሥራ እንድንጽፍ አዘውናል። ሌሎቹ ስለ ኤርፖርት፣ ስለ ሱቅ፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ ጽፈዋል፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ነው የጻፉት። እኔ የእኔን ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በመጨረሻ የመስታወቷን ጉዳይ ብገልጽ መምህራችንም ይረዱኛል፣ ትእዛዙም ይፈጸማል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ወደዚህ አገር በዲቪ ስመጣ ጅማ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነበርኩ። እዚህ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ማጠብና ማልበስ ነው። ፈተናውን አልፌ የነርስነት ፈቃዴን ሳገኝ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የካንሰር ክሊኒክ ቀጠረኝ። ደመወዙ ከመጦሪያው ይሻላል፤ ወረቀቱ ከደመወዙ ይበዛል። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የተመደብኩት አዳዲስ መድኃኒት በሰው ላይ በሚሞከርበት ክፍል ነው። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ "ሰው ላይ?" ይሉኝ ነበር። አዎ፣ ሰው ላይ፤ ፈቅዶ በገባ ሰው ላይ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የያዘው ወጣት ኬሞ የሚባለውን ብርቱ መድኃኒት ይወስዳል፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አንዳንዱም ይድናል። ዕድሜው የገፋ፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ያንኑ ቢወስድ ከበሽታው በፊት መድኃኒቱ ይገድለዋል። ቀንሰው ቢሰጡት ደግሞ በሽታው ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ለስለስ ያሉ ሁለት መድኃኒቶችን እንደ በሬ እየጠመዱ ይሞክሩ ነበር፤ አንዱ ብቻውን ያልሳበውን ሁለቱ ይስቡት ይሆናል በማለት። ጠማጁ ሐኪሙ ነው። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ምን እንደታረሰ የማይ ነበርኩ፤ ትኩሳቱን፣ ደሙን፣ ምግቡን፣ አፉ ውስጥ ቁስል መውጣት አለመውጣቱን።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ዘመን የተጠመዱት አብዛኞቹ ምንም አልሳቡም። አንዱ ጥናት ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል። ሰዎቹ በልጆቻቸው ክንድ ላይ ተደግፈው ይመጣሉ፤ ስማቸውን፣ የሚወዱትን ብስኩት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እንለምዳለን፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ይህን እያየሁ ነው ያረጀሁት። ሰው "እንዴት ቻልሽው?" ይለኛል። የቻልኩት አይመስለኝም።

ወደ ጥናቱ የሚያስገባው በር ጠባብ ነበር። ታማሚው ለብርቱው ኬሞ የማይሆን ደካማ መሆን አለበት፤ በጣም ደካማ ከሆነ ግን ለስላሳዎቹም ተጣምረው ይገድሉታልና አይገባም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ከቀኑ የሚበዛውን ተነስቶ ነው የሚውለው ወይስ ተኝቶ? ለዚህ የደም ምርመራ የለውም፣ ማሽን የለውም። የሚለካው በዓይን ነው።

በዓይን መለካትን ያስተማረችኝ ሚስ ቨርና ነች። ሚስ ቨርና የጃማይካ ሰው፣ ረጅም፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ከሁላችንም በፊት በዚያ ክሊኒክ የቆየች ነርስ ነበረች። ጠዋት ስትገባ ካፖርቷን አታወልቅም። ሻይዋን ከፔርሙሷ በክዳኑ ቀድታ በፓርኪንጉ በኩል ባለው መስኮት ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ብርድ የምትፈራ መስሎኝ ነበር።

"ነይ እዚህ ቁሚ" አለችኝ አንድ ቀን። "ያቺ ሰማያዊ መኪና ትታይሻለች? የዛሬው እንግዳችን ናቸው። ምን ታያለሽ?"

"ሰውየው እየወረዱ ነው" አልኩ።

"ይህን ውሻም ያያል። በሩን ማን ከፈተ? ማን ዘጋው? ከወረደ በኋላ እጁ መኪናውን ለቀቀ ወይስ እየዳበሰ ነው የሚሄደው? ጫማው ታስሯል ወይስ ተረከዙን ረግጦታል?"

ተረከዙን ረግጠውት ነበር፤ እግራቸው አብጦ ጫማው አልገባ ብሎ ነው። ሚስ ቨርና ይህን አየችና፣ "ሰው ሐኪም ፊት የክት ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው። አካልም የክት አለው። ክፍል ውስጥ የምታዪው የክቱን ነው፤ የዘወትሩን ማየት ከፈለግሽ ሳያይሽ እዪው" አለችኝ።

ሌላም ልማድ ነበራት። "ምግብ ይበላሉ?" ብላ አትጠይቅም፤ "ትናንት ምን በሉ? ሳህኑን ማን አነሳ?" ትላለች። "ደረጃ ይወጣሉ?" አትልም፤ "መኝታ ቤትዎ ፎቅ ላይ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ የተኙት መቼ ነው?" ትላለች። አንዳንዴ ካፖርቷን እንደለበሰች መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ እንደ ታማሚ ትቀመጣለች። ሰዎቹ ለእሷ የሚያወሩትን ለሐኪሙ አያወሩትም።

አንድ ጊዜ ሚስተር ኮልማን የሚባሉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር መጡ። ክፍል ውስጥ እያሳቁ ሐኪሙን ሥራ አስፈቱት። ሐኪሙም ሊያስገባቸው ወሰነ። ሚስ ቨርና ግን ከፓርኪንጉ እስከ በሩ ድረስ በመንገዱ ላይ እየቆሙ እንዳረፉ፣ ሚስታቸውም በቆሙ ቁጥር የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ የምትፈልገው ነገር ያለ እያስመሰለች እንደጠበቀቻቸው አይታለች። "ይህች ሴት ልምድ አላት" አለችኝ። ሐኪሙን ወደ ጥግ ወስዳ ነገረችው። አልገቡም። ሚስተር ኮልማን ተቆጥተው ወጡ፤ "ሾፌር ሳለሁ እንደ እናንተ ያለውን ተሳፋሪ ጥዬው ነበር የምሄደው" አሉን። በኋላ ሚስታቸው መጥታ ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ፣ ኳስ እያዩ እንደሞቱ ነገረችን። ማንንም ሳናሠቃይ ቀረን ማለት ነው። በእኛ ሥራ ይህ ድል ይባል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ክሊኒኩ ወደ አሌክሳንድሪያ ተዛወረ። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ፓርኪንጉ ከምድር በታች ሆኖ ሊፍቱ በቀጥታ እኛ ፎቅ ላይ ያወጣል። ሚስ ቨርና ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት አዲሱን ቢሮ ልታይ መጣች። ሻይዋን ይዛ በየመስኮቱ ዞረች። የሚታየው አውራ ጎዳናና ሌላ ሕንፃ ነው።

"ሰዎቹ በየት ነው የሚመጡት?" አለችኝ።

"በሊፍቱ።"

"ከሊፍቱ በፊትስ?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወር በኋላ ወደ ልጇ ዘንድ፣ ፍሎሪዳ ሄደች።

አዲሱ አለቃዬ ወጣት ሐኪም ነው። ደግ ሰው ነው፤ ታማሚ ሲያነጋግር ይቀመጣል፣ ሰዓቱን አያይም። ያን ጊዜ ከፊታችን የነበረው ጥምር ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተሻለ ተስፋ ነበረው። አንዱ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው፤ ሌላው በየቀኑ ከምግብ ጋር የሚዋጥ አዲስ ክኒን። ከሌላ ቦታ ጥሩ ወሬ ይሰማ ነበር። እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ ጠዋት ስነሳ ወደ ሥራ መሄድ ደስ ይለኝ ጀመር።

ጋሽ ታደለ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ስካይላይን በሚባለው ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበችና ከልጃቸው ከሜሮን ጋር ይኖራሉ። አርሊንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበሩ፤ በአናንዴል አንድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ። ቀጭን ናቸው፤ ክራቫት ያስራሉ፤ ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ምርጫቸው ግልጽ ነበር። ወደ ጥናቱ ካልገቡ የሚደረግላቸው ደም እየተሰጣቸው ቤታቸው መቆየት ነው፤ ያም ብዙ አይዘልቅም። ከገቡ ምናልባት ዕድሜ ያገኛሉ። አካላቸው የማይችል ከሆነ ግን ያችንም የቤት ጊዜ ያጣሉ።

ከዶክተሩ ጋር በሩን አንኳኩተን ስንገባ ብድግ አሉ።

"ኧረ በእግዚአብሔር ይቀመጡ" አልኳቸው።

"ምን ሲደረግ፣ ሲስተር። ለዶክተር ያልተነሳሁ ለማን ልነሳ ነው? ለኢንሹራንስ?"

ሜሮን ተረጎመችለት፤ ዶክተሩ ሳቀ። እሱ እስኪቀመጥ ቆመው ጠበቁት። ደም የምትቀዳው ልጅ ገባች፤ ተነሱ። ቆሻሻ የሚሰበስበው ሰው በሩን ከፈት አድርጎ አንገቱን አስገባ፤ ለእሱም ተነሱ። ሰውየው ደንግጦ በሩን መልሶ ዘጋው።

"ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ቁጭ በል" አለች ሜሮን።

"አንቺ እዚህ አገር ነው ያደግሽው" አሏት።

"ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?" ሲል ጠየቀ ዶክተሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

"አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ አረፍ እላለሁ።"

"ብዙ ይተኛሉ?"

"በቀን ማን ይተኛል? አረፍ ነው እንጂ።"

እትዬ ዘነበች የቦርሳቸውን ማንገቻ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። እኔ ሚስ ቨርና እንዳስተማረችኝ "ትናንት ምን በሉ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሽሮ በሉ። "ሳህኑን ማን አነሳ?" ስል ግን ሦስቱም በአንድ ላይ ሳቁብኝ። "ዘነበች እያለች?" አሉ ጋሽ ታደለ። እውነትም በእኛ ቤት ጤነኛም ወንድ ሳህን አያነሳም። ጥያቄው እዚህ ላይ አልሠራም፤ ሌላ አልፈለግሁለትም።

ኮሪደር ላይ ዶክተሩ፣ "እኔ ሰኞ ጠዋት እንደዚህ ሰው ቀልጠፍ ብዬ አልነሳም" አለኝ። ደማቸው፣ ልባቸው፣ ኩላሊታቸው ሕጉ ለሚፈቅደው ይበቃ ነበር። የቀረው የዓይን መለኪያ ነው፤ በዓይን ደግሞ ቆመው አይተናቸዋል። ወሰኑን አልፈው ወደ ጥናቱ ገቡ። እትዬ ዘነበች ይህን ስነግራቸው ሁለት እጄን ይዘው ሳሙት። "ትንሽ ጊዜ ይስጠን እንጂ" አሉኝ።

በየሐሙሱ ይመጡ ነበር። በየሐሙሱ ስንገባ ይነሳሉ። ክኒኑ በትንሽ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ሰውየው ከደከመ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ዶክተሩ ከመግባቱ በፊት "ሰውዬሽ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። "ተነስተው ነው የተቀበሉኝ" እላለሁ። ክኒኑም ይቀጥላል። የነጭ ደማቸው ቁጥር ወረደ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በሽታውም ሲወርድ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሰውየው ሲጎዳም ይወርዳል። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ሰውየውን በማየት ነው።

አንድ ሐሙስ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ።

"ሞቆዎታል ጋሼ?"

"ክራቫቱ ነው፣ ሲስተር። ዘነበች ስታስር እንደ በግ ነው የምታስረኝ።"

ሰኞ ሰኞ እየደወልኩ እጠይቅ ነበር። ሜሮን ኤርፖርት ትሠራለች፤ ከሥራ ቦታዋ ታነሳለች። "ሲስተር የሺ፣ እኔ ወርክ ላይ ነኝ፤ እሱን ኮል አድርጊው። ግን ደህና ነኝ ነው የሚልሽ፣ ለኔም እንደዛ ነው የሚለኝ።" እደውላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐሙስ እንገናኛለን" ይሉኛል።

ቀጣዩ ሐሙስ ሳይደርስ ትኩሳት ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። ነጭ ደማቸው ተሟጦ ሳንባቸው ተመርዟል። ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭንብል አለ፤ በሁለቱም ክንዳቸው ቱቦ ገብቷል። እኔን ሲያዩ ቀኝ እጃቸው የአልጋውን ብረት ፈለገ። ያዙትና ራሳቸውን ወደ ላይ ሊስቡ ሞከሩ። ማሽኑ ጮኸ። የክፍሉ ነርስ ሮጣ መጥታ በደረታቸው ይዛ መልሳ አስተኛቻቸው።

"አይነሱ፣ ጋሼ። በእግዚአብሔር አይነሱ" አልኳቸው።

ጭንብሉን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። "ይቅርታ፣ ሲስተር" አሉኝ። "ታስሬ ነው።"

ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ለቅሶ ስካይላይን ሄድኩ። ገና በሩ ሲከፈት ሳሎን ሙሉ ሰው ብድግ አለ። በፕላስቲክ ወንበር ላይ ያሉት፣ ሶፋው ላይ ያሉት፣ ግድግዳ ተደግፈው የነበሩትም። እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። "ኧረ ይቀመጡ" አልኩ፤ ሁሉም "ይቀመጡ" አሉ፤ ማንም አልተቀመጠም።

ከተቀመጥን በኋላ እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሲስተር ምስክሬ ናት። አንድም ቀን ተቀምጦ አልተቀበላችሁም፣ አይደል? ንገሪልኝ።"

"አዎ፣ እትዬ። አንድም ቀን" አልኩ።

"የጨዋ ልጅ" አለ አንድ ሽማግሌ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከዓርብ እስከ ረቡዕ እኮ ከአልጋ አይወርድም" አሉ እትዬ ዘነበች፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። "እኔ ነኝ የማጎርሰው፣ እኔ ነኝ የማገላብጠው። 'ዛሬ እንኳ ትንሽ ቁጭ በል' ስለው 'ተይኝ፣ ለሐሙስ ነው የማስቀምጣት' ይለኛል። ያቺን ጉልበቱን ለእናንተ ነው ያጠራቀማት። አክብሯችኋል።"

ሰው ሁሉ ይህን እንደ ማጽናኛ ሰማ። እሳቸውም የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው። የያዝኩትን የውሃ ብርጭቆ የማስቀምጥበት ቦታ ጠፋኝ።

ስወጣ ሜሮን እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ። "በዊልቸር ነበር የማመጣው" አለችኝ። "ከመኪና እስከ ሊፍቱ። ከዛ 'አቁሚ' ይላል። 'እንደ ዕቃ እየተገፋሁ ልግባ?' ይለኛል። ታች ፓርኪንጉ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ድሮ አብሮት የሠራ ነው፤ ዊልቸሩን እሱ ጋ ነበር የምንተወው።"

ያን ዊልቸር አውቀዋለሁ። መኪናዬን የማቆመው እዚያው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ለምሳ ስወርድ ታጥፎ ከትኬት ሰጪው ክፍል ጎን ተደግፎ አየው ነበር። የሕንፃው ንብረት መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ታውቃላችሁ ብዬ ነዋ" አለች። "ይሄንን የማታውቁ ከሆነ ምኑን ነው ያያችሁት?" በቁጣ አልነበረም፤ እውነት ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ሊፍቱ መጣ፤ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ ያደግሁት ሰው ሲገባ በሚነሱበት ቤት ነው። አባቴ በሽታ ላይ ሆኖም ይነሳ ነበር። ሰው ሲነሳልኝ ማየት ለእኔ ምንም እንዳላየሁ ነው። "አይነሱ" ማለት ደግሞ አለመነሳትን አያመጣም፤ እሱም ራሱ የመነሳቱ አንድ ክፍል ነው። ዶክተሩ በበኩሉ ያየው የእግር ጉልበት ነው፤ በእሱ አገር ሰው የሚነሳው መነሳት ሲችል ነውና። በዚያ ክፍል ውስጥ አንዳችን የለመድነውን፣ አንዳችን የማናውቀውን እያየን ሰውየው በመካከላችን አለቁ። የአገራቸው ሰው በመኖሬ ሁሉም ተማምኖ ነበር።

ለዶክተሩ ነገርኩት። "ግን ቆሙ እኮ" አለ። ከዚያ መልሶ፣ ለራሱ፣ "ቆሙ" አለ። ከቤተሰብ የሰማሁትን ፋይሉ ላይ በማስታወሻ ጨመርኩ። የመጀመሪያው ምዘና ግን በዕለቱ በታየው የተሞላ ነውና አይለወጥም። ሁለቱ መድኃኒቶች ኋላ ላይ ለብዙ ደካሞች የሚሰጡ ሆኑ፤ ወራት ያገኙበት አሉ፣ ከዚያም በላይ ያገኙበት አሉ። ይህን መካድ አልችልም፤ ደስ ሊለኝ ይገባም ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። በዚያ ጥናት መዝገብ ውስጥ ጋሽ ታደለ እስከ ዛሬ ከቀኑ የሚበዛውን በእግሩ የሚውል ሰው ናቸው። እንዲህ ብርቱ ሆኖ ሳለ ሞተ ተብሎ ነው የተቆጠሩት። ሬሳቸው እንኳ የክቱን እንደለበሰ ነው።

ለሚስ ቨርና ደወልኩላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራኋት። ከእሷ በኩል የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አጠፋችው።

"ከየት ሆነሽ ነበር የምታዪው?" አለችኝ።

"ከበሩ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስለ አየሩ ትንሽ አውርተን ዘጋን። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በየቀኑ ጠዋት ወደ ፓርኪንጉ ወርጄ ካፖርቴን እንደለበስኩ እቆም ነበር። ያየኋቸውን አየሁ። ጋሽ ታደለ ግን አልፈዋል።

መምህሬ፣ በመስታወቷ የማየው ለዚህ ነው። ስለላ አይደለም፤ ቢመስልም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን አብረን የገባንበትን የመጨረሻውን ክፍል ያስታውሱታል። እርስዎ አዛውንቱን ሲያዩዋቸው ትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ነበር፤ "ኑ ግቡ፣ ደህና ነኝ" ብለው እጃቸውን ዘረጉልን። እኔ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በመስታወቷ አይቻቸዋለሁ። ጉንጫቸው የአልጋው ብረት ላይ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ልጃቸው ምግብ በማንኪያ ይዛ ስትጠብቅ ነበር። ስናንኳኳ አፋቸውን ጠረገችላቸው፤ በብብታቸው ይዛ አነሳቻቸው።

እርስዎ እጃቸውን ይዘው ስለ ሰጣቸው ብርታት እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እኔም ከሁሉም ጋር አሜን አልኩ። የጸለይኩት ግን በመስታወቱ ስላየሁት ሰው ነው።